ለወንድሜ የልጅነታችንን ጌም ልላክለት?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ የምሠራው አምባሳደር ጋ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሂሳብ ክፍል ነው።

በ3 ዓመት የሚበልጠኝ አንድ ወንድም አለኝ። ያደግነው ፒያሳ ነው። ልጆች ሆነን አጎታችን ከመርካቶ ቲቪ ጌም ገዝቶልን ነበር፤ ቢጫ ካሴት የሚሰካበት፣ ሁለት ጆይስቲክ ያለው። ካሴቱ ውስጥ ብዙ ጌም ነበር፤ እኛ ግን ሙጭጭ ያልነው ቮሊቦሉ ላይ ነው። አባታችን በወጣትነቱ አራት ኪሎ ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ሜዳ ላይ ይጫወት ነበር ሲሉን ስላደግን ይሆናል። ወንድሜ ሁልጊዜ ሶቪየትን ይይዛል። እኔ ቱኒዚያን እይዛለሁ፤ ከአፍሪካ ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች። እናታችን በየመሃሉ ከጓዳ ብቅ ትልና የአዳፕተሩን ግለት በመዳፏ ለክታ "ይረፍበት፣ ሊቃጠል ነው" ትለን ነበር።

እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሦስት ወር አልጋ ላይ ስትተኛ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ያረፈች ቀን ወንድሜ ለሥራ ድሬዳዋ ነበር። አክስቴ ደውላ ቀስ አድርጋ ነግራው ነበር። እሱ ግን የደረሰው በማግስቱ ማታ፣ ከቀብር በኋላ ነው። ድንኳን ውስጥ ሲገባ ሳየው ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰው ሁሉ በተቀመጠበት "እንኳን ደረስክ፣ ንፍሮው አላለቀም" አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ሐዘን ተቀምጦ ሲያበቃ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም፤ እኔም አልደወልኩለትም። ቢሮው ካዛንቺስ ነው። መንገድ ካልተዘጋጋ ከእኔ ቢሮ በታክሲ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ከሦስት ወር በፊት ያንን ቮሊቦል ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ምንም ማውረድ አያስፈልገውም፤ ገጹን መክፈት ብቻ ነው። ልጄ ከተኛች በኋላ በላፕቶፔ እጫወታለሁ። አንድ ማታ "ሁለት ተጫዋች" የሚለውን መረጥኩ። ሶቪየትን ማዶ አቆምኩና ሰርቭ መታሁ። ማንም አልነካውም። ኳሱ ዝም ብሎ ሜዳው ላይ ወደቀ። ደግሜ መታሁ። ስድስቱም እንደቆሙ ናቸው። 14 ለ0 ሲሆን ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። አሁን በየማታው ከፍቼ አየዋለሁ። 15ኛዋን መምታት ግን አልቻልኩም።

ባለቤቴ አይቶኝ "ሊንኩን ላኪለትና ተገላገይ" አለኝ። አክስቴ ደግሞ ሙት ዓመቱ ላይ ሽማግሌ አስቀምጣ ልታስታርቀን አስባለች። እኔ ሁለቱንም ፈራሁ። ሊንኩን ብልክለት "እናታችን ሞታ እሷ ጌም ትልክልኛለች" ቢልስ? አይቶ ዝም ቢለኝስ? ምን ይሻለኛል?

መ. ከአራት ኪሎ


እህቴ መ.፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ 15ኛዋን ሰርቭ መምታት ያቃታት ሴት ጋ ቆሜ ቀረሁ። በሁለተኛው ግን ዓይኔ ሌላ መስመር ላይ አረፈ። እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። መልስ ከመጻፌ በፊት ቮሊቦሉን ከፍቼ ሞከርኩት። ኮምፒውተሩ 15 ለ2 አሸነፈኝ። ሁለቷን ነጥብ እንዴት እንዳገኘኋት ራሴም አላውቅም። ቁልፉን ስጫን የሚዘለው እኔ ያሰብኩት ሰውዬ አይደለም፤ ያሰብኩት ሰውዬ ሲዘል ደግሞ ኳሱ መሬት ደርሷል። እናንተ ይህንን ነገር በልጅነታችሁ እንዴት እንደቻላችሁት ገርሞኛል። ኔንቲዶ የተባለው የጌም ኩባንያ ይህን ጌም ጃፓን ውስጥ ያወጣው በአውሮፓውያን 1986 ነው። ሶቪየት ያኔ አልፈረሰችም ነበር። እናንተ ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ስትጫወቱ ከፈረሰች ዓመታት ሆኗታል፤ ጌሙ ውስጥ ግን ዛሬም ቆማ ወንድምሽን ትጠብቃለች።

ስለ መጫወትሽ ብዙ የምለው የለኝም። ልጅሽ ተኝታለች፤ ባለቤትሽ አልተማረረም፤ ሥራ ተበደለ አላልሽም። ተጫወቺ። ብቻ ያችን 14 ለ0 ከፍተሽ የምታያት ከመተኛትሽ በፊት ከሆነ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው?

አሁን ወደዚያ መስመር ልምጣ። "አክስቴ ደውላ ቀስ አድርጋ ነግራው ነበር" ብለሻል። ቀስ አድርጋ ማለት ምን ማለት ነው? ምን ብላ ነው የነገረችው? ስልኩን ስታወራ አጠገቧ ነበርሽ?

እኔና አንቺ የአገራችንን ልማድ እናውቀዋለን። መርዶ በስልክ አይነገርም። ያውም ሩቅ አገር ብቻውን ላለ ልጅ! "ትንሽ ደከም ብሏታል፣ ብትመጣ ጥሩ ነው" ይባላል። እውነቱ የሚነገረው ሰውየው ቤት ከደረሰ በኋላ፣ ዘመድ ከቦት ነው። እኔ አባቴ ሲሞት "ጉንፋን ጠናበት" ተብዬ ነው ከጅማ የተነሳሁት። ለጉንፋን ማን ይጣደፋል? ያለችኝን ሥራ ጨርሼ፣ መንገድ ላይ ብርቱካን ገዝቼ መጣሁ። ከታክሲ ወርጄ ወደ ሰፈር ስታጠፍ ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። ብርቱካኑን የት እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ወንድምሽም እንዲህ ሆኖ መጥቷል እያልኩሽ አይደለም። አላውቅም። አክስትሽ እውነቱን ነግራው እሱ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ትራንስፖርት አጥቶም ሊሆን ይችላል። ግን አንቺም ያወቅሽው አይመስለኝም። ካወቅሽው ደብዳቤሽ ውስጥ "ቀስ አድርጋ" በምትለው ቃል አታልፊውም ነበር። እስቲ ለአንድ አፍታ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ የመጣ ልጅ አድርገሽ አስቢው። ድንኳን አየ። ገባ። መጀመሪያ የሰማው ድምፅ የእህቱ ነው። ያለችውንም አንቺ ታውቂዋለሽ።

ይህን የምጽፈው ጥፋቱን አንቺ ላይ ልጭን አይደለም። ሦስት ወር ያስታመመ ሰው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። እንቅልፍ የለም፤ ምግብ የለም፤ አልጋው ባዶ ሲሆን ደግሞ እጅሽ የሚይዘው ያጣል። ያ ሁሉ ድካም አንድ ቦታ ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ በሩ ላይ የታየው እሱ ነበር። የሆነው ይገባኛል። እሱ ግን የአንቺን ሦስት ወር አላየም። የሰማው ስለ ንፍሮው ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምትደውዪው ለወንድምሽ ሳይሆን ለአክስትሽ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከተቻለ በዚህ ሳምንት፤ ከተቻለ ቤቷ ሄደሽ፣ ቡና ተፈልቶ። "ለምን ዋሸሽው?" አትበያት፤ አሮጊቷን ያስደነግጣታል፣ ደግሞም የሠራችው አባቶቻችን ሲሠሩት የኖሩትን ነው። "እትዬ፣ ያን ቀን ምን ብለሽ ነበር የነገርሽው?" በያት ብቻ። ከዚያ አዳምጪ። ሽማግሌ ለማስቀመጥ ለምን እንዲህ እንደተጣደፈች ያን ጊዜ ሊገባሽ ይችላል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ ቡናሽን ጠጥተሽ መምጣት ነው።

አሁን ሊንኩ። የባለቤትሽ ምክር መጥፎ አይደለም፤ ትንሽ ቸኩሏል እንጂ። ሊንኩ መናፈቅሽን ይነግርልሻል። ይቅርታውን ግን አንቺው በአፍሽ ማለት አለብሽ። ሊንኩ ብቻውን ከሄደ የፈራሽው ነገር ይደርሳል፤ "ምንም እንዳልተፈጠረ ልታልፈው ነው" ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ቢልም አልፈርድበትም።

ስለዚህ ቀድሞ አጭር መልእክት ይሂድ። ለምሳሌ እንዲህ፦ "እኔ ነኝ። ድንኳን ውስጥ ያልኩህ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። ሰው ፊት እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርግልኝ። አሁን መልስልኝ ብዬ አይደለም፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።" በራስሽ ቋንቋ አድርጊው፤ የእኔ ቃል የአንቺ አይመስልም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። "ግን" የምትል ቃል እንዳትገባ። "ግን አንተም ብትሆን" ብለሽ የጀመርሽ ዕለት ይቅርታው እዚያው ላይ ያልቃል። በመዘግየቱ ዛሬም የሚያናድድሽ ነገር ካለ፣ ሊኖርም ይችላል፣ ዓይን ለዓይን ስትተያዩ ትነግሪዋለሽ።

የምትልኪው ጠዋት ይሁን። ሌሊት ጌሙን ዘግተሽ፣ ሆድ ብሶሽ የጻፍሽው መልእክት ይረዝማል። ከላክሽ በኋላም ቴሌግራም ላይ ሁለቷን ምልክት ስትጠብቂ እንዳታድሪ። ስልኩን ለባለቤትሽ ስጪው፤ እሱም ሥራ ያግኝ።

ዝም ቢልሽስ? ሊል ይችላል። ሁለት ዓመት የከረመ ቂም በሦስት ቀን መልስ ላይሰጥ ይችላል። ሁለተኛ ማብራሪያ አትላኪ፤ "አላየኸውም እንዴ?" አትበይው። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቀኑንና ሰዓቱን ነግረሽ ጥሪው። እናቱ ናትና የመምጣት መብቱ ከእናንተ እርቅ ጋር አይያያዝም። እሱን ብቻ ያውቅ።

አንዲት ቃልም ቢሆን ከመለሰ፣ "እሺ" ብቻ እንኳ ብትሆን፣ ሊንኩ ያን ጊዜ ይሂድ። ብዙ አትጻፊበት። "ይህን አገኘሁት። ሶቪየት አሁንም አለች" ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ። ቀላል እንዳይመስልሽ። ሊንኩን ስልኩ ላይ ቢከፍተው የሚጫወተው ብቻውን ነው። ቁልፎቹ ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ፤ አውራ ጣቱ ግማሹን ሜዳ ይሸፍንበታል፤ በአምስት ደቂቃ ይሰለቸዋል። ይህ ጌም የተሠራው አንድ ቴሌቪዥን ፊት ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ነው። ብሮውዘሩ ውስጥም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ሁለተኛው ተጫዋች እንዲንቀሳቀስ አንድ ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ያንኑ ኪቦርድ መንካት አለበት። ስለዚህ የላክሽለት ሊንክ ብዙም አይጠቅመውም። ቁም ነገሩ አንቺ ጋ ያለው ወንበር ነው። ስትልኪው ይህንን አውቀሽ ላኪ።

ኪቦርድ ስል ደግሞ፣ ለሁለት ሰው አንድ ኪቦርድ የጠብ ምንጭ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኪቦርዶች ሦስት አራት ቁልፍ አንድ ላይ ሲያዝ አንዱን አይሰሙም። አንቺ ወደ ቀኝ ይዘሽ እሱ ሊዘል ሲል ሰውየው አልዘል ይለዋል። "አንቺ ነሽ የያዝሽብኝ!" "አንተ ነህ!" መባባል ይመጣል። ለእናንተ ቤት ተጨማሪ ጠብ አያስፈልግም። ከቻልሽ በዩኤስቢ የሚሰካ ጆይስቲክ ግዢ፤ ሁለት ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ሰክተሽ ምንም ካልሆነ አትደንግጪ፤ ብሮውዘሩ ጆይስቲኩን የሚያውቀው አንዱን ቁልፍ ከተጫንሽው በኋላ ነው። ከዚያ ከማስተካከያው ውስጥ ሁለተኛ ተጫዋች አድርጊው። አዳፕተር የለው፣ የሚግል ነገር የለው።

የነጥቡ አቆጣጠርም ግር ሊለው ይችላል፤ ዘንድሮ ቮሊቦል በቴሌቪዥን የሚያይ ከሆነ። ጌሙ በሚከተለው በድሮው ሕግ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የያዘው ቡድን ብቻ ነበር፤ ሴቱም (አንዱ ዙር) እስከ 15 ነበር። ሰርቭ ያልያዘው ቢያሸንፍ ሰርቩን ይቀበላል እንጂ ነጥብ አይመዘገብለትም። ይህ የተቀየረው በአውሮፓውያን 1998 በተወሰነ ውሳኔ ነው። አሁን ማንም ሰርቭ ይምታ፣ ኳሱን ያሸነፈ ነጥብ ያገኛል፤ ሴቱም እስከ 25 ነው፣ አምስተኛው ብቻ 15። ስለ ሰርቭና ስለ ይቅርታ አንድ ምሳሌ ልሰጥሽ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ተውኩት። በዚያ ፋንታ ስለ አባትሽ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ቮሊቦልን በአውሮፓውያን 1895 የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን፣ አሜሪካ ሆልዮክ በምትባል ከተማ የወወክማ የስፖርት አስተማሪ ነበር። አራት ኪሎ ወወክማ የተጫወተው አባታችሁ ከምንጩ ነው የቀዳው። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው፤ ወሬ ሲጠፋ ይሆናል።

ሽማግሌውን በተመለከተ ለአክስትሽ "ትንሽ ቆይልን" በያት። ሽምግልናን ንቄ አይደለም፤ ስንት ቤት ቆሞ የቀረው በእሱ ነው። ግን ወንድምሽ የተጎዳው ሰው ፊት ነው። አሁን ደግሞ በእናቱ ሙት ዓመት፣ ያው ሰው በተሰበሰበበት "ታረቅ" ቢባል እንዴት እምቢ ይላል? ተነስቶ እህቱን ይስማል፤ በልቡ ግን እንደያዘው ይሄዳል። መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻ ተገናኙ። አንቺ ቤት አይሁን፤ እሱ ቤትም አይሁን። ፒያሳ ውጡ። ቆመው ቡና የሚጠጡበት ቦታ ጥሩ ነው፤ ቶሞካ ለምሳሌ። ወንበር ላይ ተፋጦ መቀመጥ የለም፤ ማኪያቶው ሲያልቅ መሄድ የፈለገ ይሄዳል፤ መቆየት የፈለገ ሌላ ያዛል።

እዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ "ያን ቀን እዚያ ለነበሩት ሰዎች ጥፋቴን እንድናገር ትፈልጋለህ?" ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም። ሰው ፊት የተባለ ነገር ጓዳ ውስጥ ብቻ ሲታጠብ የማይበቃው ሰው አለ። እሱ "ተይው" ካለ ተይው። "አዎ" ካለ ግን ሙት ዓመቱ ላይ፣ ማንም ሽማግሌ ሳይነሳ፣ ራስሽ ተነሺና በሁለት አረፍተ ነገር ጨርሺው። ጉልበትሽ ይንቀጠቀጣል። ይሁን።

በመጨረሻ ስለ 14 ለ0። ሴቭ ያደረግሽው ነገር የተቀመጠው ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያው ላፕቶፕሽ ብሮውዘር ውስጥ ነው። የብሮውዘሩን ዳታ ያጠፋሽ ቀን፣ ወይም ላፕቶፑ የቢሮ ከሆነና አንዱ የአይቲ ልጅ ሊያጸዳልሽ የወሰደው ቀን፣ አብሮ ይጠፋል። አጥፊው አልልሽም፤ 15ኛዋን ምቺያትም አልልሽም። እሱ ቤትሽ የመጣ ቀን ግን ያችን እንዳትከፍቺበት። አዲስ ጨዋታ ክፈቺ። ሶቪየትን ለእሱ ተዪለት። ልጅሽ ካልተኛች ደግሞ መሃል ገብታ "እኔስ?" ማለቷ አይቀርም፤ ተራ አዘጋጁላት።

ባትቸገሪ፣ አክስትሽ ያን ቀን ምን ብላ እንደነገረችው ጻፊልኝ።